ሻምፒዮኑ የተመዘነበት የአሳማ ሚዛን

ማክሰኞ ማክሰኞ የአሳማ ጨረታው ሳይጀመር የብሩነር ከተማ ወንዶች የግሌንዳን ምግብ ቤት ባንኮኒ ከብበው፣ አሜሪካ ካፈራቻቸው የመካከለኛ ክብደት ተፋላሚዎች ማን ማንን እንደሚበልጥ ይወስናሉ። ወስነው ግን አያውቁም። አብዛኞቹ በዕድሜያቸው በቡጢ የመቱት ነገር ቢኖር አልነሳ ያለ የትራክተር ሞተር ነው። ይሁንና አንዱ ስለ ማነቅ፣ ሌላው ስለ ክርን ምት ሲተነትን ለሰማው፣ ሁሉም አሁን ከመፋለሚያው የሽቦ አጥር ውስጥ ተፋልመው የወጡ ይመስላሉ። አፋቸው የቀረፋ ዳቦ እንደ ጎረሰ ሻምፒዮን ይሽራሉ፤ የቺሊ ወጥ ሳህናቸውን እየጠረጉ ሌላ ይሾማሉ።

ኦርቫል ሃቨርካምፕ ከባንኮኒው ጥግ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጣል። የጨረታ ቤቱ መዛኝ ነው። ለአርባ አንድ ዓመት በዚያ የአዮዋ ወረዳ ለሽያጭ የቀረበ አሳማ ሁሉ በእጁ አልፏል። ረጅም፣ ደረቅ፣ ከንፈረ ቀጭን ሰው ነው፤ ሰው ሲያወራ የሚያይበት ዓይኑ፣ የታመመ እንስሳ እያነከሰ ወደ ሚዛን ሲገባ የሚያይበት ያው ዓይኑ ነው።

«አንደኛ ትሮይ ስፕራግ። አለቀ፣ ደቀቀ!» አለ ዊልበር ክሩስ። ዊልበር ከሁሉም የሚበልጥ የአሳማ እርባታ ያለው፣ ከሁሉም የሚበልጥ ድምፅም ያለው ገበሬ ነው። «ከሱ በታች ያለውን እንደ ፈለጋችሁ ደርድሩት፤ እኔ አልጣላችሁም።»

«ዋይሊ ትሬድዌይን የት ልትጥለው ነው ታዲያ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው።

«ያንን የኦክላሆማ ለፍላፊ? እሱ እኮ ሰውን በክንዱ ጥሎ አያውቅም፤ በወሬ አሰልችቶ ነው የሚያስተኛቸው።»

ግሌንዳ ለኦርቫል ቡና እየቀዳችለት ጠየቀችው። መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ማክሰኞ ያለዚህ አይደምቅላትም። «አንተስ፣ ኦርቫል? ትሮይን ስንተኛ ታደርገዋለህ?»

«አሥራ አንደኛ።»

«ዝርዝሩ እኮ የአሥር ሰው ነው።»

«መቁጠር እችላለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዊልበር ባንኮኒውን በመዳፉ መታው። «ይኼ ሰውዬ ምቀኛ ነው እኮ! በገዛ አገሩ ልጅ! እሺ በል፣ አንደኛህ ማነው?»

«ላሞንት ፒኬት።»

«ማን?» አሉ ሦስት አራት ሰዎች አንድ ላይ። በየማክሰኞው ሲጠይቁ እንደ አዲስ ነው።

«የፒዮሪያው።»

«አውቶቡስ ነጂው!» አለ ዊልበር በደስታ እየጮኸ። «ትሮይ እዚሁ ደጃችን ላይ እንደ ምንጣፍ ያነጠፈውን ሰውዬ! ግሌንዳ፣ ለዚህ ሽማግሌ ቡና አትድገሚለት፤ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል።»

ኦርቫል ስኒውን ጨርሶ ተነሣና ወደ ሚዛኑ ክፍል ሄደ። ሰውን ከአንድ እስከ አሥር መደርደር የሰነፍ አእምሮ ሥራ መሆኑን ካመነ ቆይቷል። ሰውን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቁጥር ግን ጊዜ አይፈልግም፤ ስለዚህ ሰው ቁጥሩን ይይዝና ሰውዬውን ይጥላል። «እገሌ አንደኛ» ያለ ሰው ስለ እገሌ ምንም አልነገረህም፤ ማሰብ እንደ ሰለቸው ብቻ ነው የነገረህ። ይህን ኦርቫል ለራሱ ሲል ትክክል ነበር። ነገር ግን ትክክል የሆነ ሐሳብ ሁሉ ከንጹሕ ቦታ አይመነጭም፤ የኦርቫል ንቀት የመነጨበትን ቦታ ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም አያውቀውም ነበር።

በወጣትነቱ እሱም ታጋይ ነበር። በትምህርት ቤቱ ቡድን በመቶ ሠላሳ ስምንት ፓውንድ ምድብ ይታገል ነበር። በዚያ አገር ልጅ ክረምቱን ሙሉ የሚርበው ድሃ ስለ ሆነ አይደለም፤ ታጋይ ስለ ሆነ ነው። እናቱ አሳማ ጠብሳ ድንች ቀቅላ ጨፍልቃ ስታቀርብ እሱ በረዶ ያኝካል፤ የጎማ ልብስ ለብሶ በማሞቂያው ክፍል ይሮጣል፤ በክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር እሱ በወረቀት ኩባያ ውስጥ ይተፋል። ምራቅም ይመዝናልና። በመጨረሻው ዓመት ለግዛቱ ውድድር አለፈ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ሩብ ፓውንድ አለፈበት። መዛኙ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ቁጥሩን ጻፈና «ቀጣይ» አለ። በቃ። አራት ዓመት የተራበ ልጅ በአንዲት ቃል ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ኦርቫል ያን ሽማግሌ ጠላው፤ እየዋለ እያደረ ደግሞ ከአባቱ ይልቅ አከበረው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ የጨረታ ቤቱ መዛኝ የሆነውም ሥራ አጥቶ አልነበረም። ሚስቱ ሉኤላ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔ ሰው ሳይሆን ሚዛን ነው ያገባሁት» ትለው ነበር፤ ስድብ አልነበረም። ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ይጣላል፤ ወንድም ከወንድም በውርስ ይካሰሳል፤ ክብደቱ በሚታተምበት የኦርቫል ቲኬት ላይ ግን አንድ ሰው እንኳ አጉረምርሞ አያውቅም። ገበሬው ቲኬቱን ተቀብሎ ሳያነበው ኪሱ ይከታል። ከሉኤላ ሞት በኋላ ለኦርቫል የቀረው ይኸው ነበር፤ ሳይነበብ ወደ ኪስ የሚገባ ቲኬት።

በዚያ ዓመት መጋቢት ኬንት ዶርማን ወደ ሚዛኑ ክፍል መጣ። ኬንት የትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህርና የትግል አሰልጣኝ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ብብቱ ሥር ሁልጊዜ ሰማያዊ ማኅደር የማይጠፋ።

«ሚስተር ሃቨርካምፕ፣ ጊዜዎን አልወስድም።»

«ይኸው እየወሰድክ ነው። ቁጭ በል።»

ኬንት ማኅደሩን ከፈተ። የጂምናዚየሙ የሰሜን ግድግዳ ሊቀባ ነው። አሥሩ የአሜሪካ ታላላቅ መካከለኛ ክብደት ተፋላሚዎች በየተራቸው፣ በየምስላቸው ይሣላሉ፤ ከሥራቸው የመስታወት ሣጥን ይቀመጣል። «እንደ ቡና ቤት ወሬ እንዳይመስልዎት» አለ፤ «ሳይንሳዊ ነው። ለድል ነጥብ፣ ለተጋጣሚው ጥንካሬ ነጥብ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ለያዙበት ወር ነጥብ ሰጥቻለሁ። ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።»

«ሁለት ክረምት» አለ ኦርቫል። «ታሪክ የሚያስተምረውስ ማነው?»

ኬንት ሳቀ፤ ስድቡ አልገባውም። «ችግሩ ምን መሰለዎት? ትሮይ ዘጠና አንድ ነጥብ አመጣ። ትሬድዌይም ዘጠና አንድ። ስለዚህ መለያ አስፈለገኝ። መለያው የክብደት ሥነ ሥርዓት ነው። ትሬድዌይ አንድ ጊዜ ከልኩ በግማሽ ፓውንድ አልፏል። ትሮይ ግን በሃያ ሰባት ግጥሚያ አንድም ጊዜ አላለፈም። የሃያ ስድስቱን ማስረጃ አግኝቻለሁ፤ የጎደለኝ የመጀመሪያው ነው። እዚህ፣ ከፒኬት ጋር። የውድድሩ አዘጋጅ ሞቷል፤ መዝገቡም ጠፍቷል። እርስዎ ግን የቲኬት ቅጂ አይጥሉም አሉኝ።»

ኦርቫል መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

«ቲኬቱን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ» አለ ኬንት፤ «እርስዎም ከጎኑ አንድ መስመር ማረጋገጫ ይፈርሙልኛል። የትሬድዌይ ሰዎች ጩኸት ሊያነሡ ይችላሉ፤ በእርስዎ ሚዛን ላይ ግን ማን አፉን ይከፍታል?»

«አይጥ በልቶት ይሆናል።»

«እስቲ ይፈልጉልኝ።»

አይጥ አልበላውም ነበር። ቲኬቱ ከኦርቫል ጉልበት አንድ ስንዝር ርቆ፣ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተኝቷል።

ያን ጊዜ ኅዳር ነበር። በወረዳው የትርኢት አዳራሽ ውድድር ተዘጋጅቶ፣ በዋዜማው ሚዛን ይዞ ከዋና ከተማው የሚመጣውን ሰው በረዶ መንገድ ላይ አስቀረው። በብሩነር የመንግሥት ማኅተም ያለበት ሚዛን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ተፋላሚዎች የውስጥ ሱሪያቸውን ብቻ ለብሰው፣ ጠዋት አሳማ በተነዳበት የብረት መተላለፊያ ውስጥ ተሰለፉ። ሚዛኑ አንድ እንስሳ የሚያቆም የብረት ሣጥን ነው፤ ወለሉ ላይ ገለባ አለ። ታላቅነት የሚወለድበትን ቦታ ለማየት የሚጓጓ ሰው ቢኖር፣ ያን ዕለት ሽታው ብቻ ይበቃው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። መዛኙ ተንሸራታቹን ብረት በረጅሙ ዘንግ ላይ ይገፋል፤ ዘንጉ ሳይወድቅ ሳይነሣ መሀል ላይ ሲንሳፈፍ ክብደቱ እሱ ነው። ከዚያ የቲኬቱን ካርቶን ሽንቁሩ ውስጥ አስገብቶ መያዣውን ሲጨብጥ፣ ብረቱ የቆመበት ቁጥር ይታተማል። ማተሚያው ግን ዘንጉ ተንሳፍፎ እንደ ሆነ አይጠይቅም። ብረቱ የት እንደ ቆመ ብቻ ነው የሚያውቀው።

መጀመሪያ ላሞንት ፒኬት ገባ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ለመትፊያ ጠርሙስ ይዟል፤ ጠርሙሱ ግን ደረቅ ነው፤ የሚተፋው አልቀረውም። ኦርቫል ያን ድርቀት ከሩቅ ያውቀዋል። ብረቱን ገፋው፤ ዘንጉ ተንሳፈፈ። መቶ ሰማንያ አራት። ልኩ መቶ ሰማንያ አምስት ነው። ፒኬት ወጥቶ የገለባ እስር ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ውሃ ይዞ፣ እንደ ሕፃን እየተጠነቀቀ ጠጣ።

ቀጥሎ ትሮይ ስፕራግ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ጉንጩ ቀይ፣ ሆዱ የሞላ። ዘንጉ ተወርውሮ ከላይኛው ብረት ጋር ተጣበቀ። ኦርቫል ብረቱን ገፋ፤ መቶ ሰማንያ ስምንት፤ ዘጠና፤ መቶ ዘጠና ሦስት ላይ ዘንጉ ተንሳፈፈ። ስምንት ፓውንድ ትርፍ።

ማንም አልለመነውም። ኦርቫል ዕድሜውን ሙሉ ሊያመልጥ የሞከረው ከዚህች ነገር ነው። አዘጋጁ ከኋላ ሆኖ አልተቆጣም፤ የልጁ አባት ዓይኑን አላንከራተተም። ሠላሳ ያህል የከተማው ሰው ከአጥሩ ማዶ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል፤ ኦርቫልም ያን ዝምታ ሰማው። ሁልጊዜ ከነሱ ውጭ የቆመ ሰው ነበር፤ ለአንድ አፍታ ከነሱ ጋር መሆን አማረው። ብረቱን ወደ ኋላ ሳበው፤ ካርቶኑን አስገባ፤ ጨበጠ። «መቶ ሰማንያ አምስት!» ብሎም ጮኸ። ሰዉ አጨበጨበ።

ፒኬት ከገለባው ላይ ቀና አለ። «ጥሩ ሚዛን ነው?» አለው።

«የመንግሥት ማኅተም አለው።»

«ለአሳማው ማለቴ ነው» አለና ውሃውን ቀጠለ።

በማግስቱ ትሮይ በፒኬት ደረት ላይ ተኝቶ ሦስት ዙር አስቆጠረ፤ ዳኞቹም ለትሮይ ሰጡ። ትሮይ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ አዳራሾች ሄደ፤ አሥራ አራት ወር ቀበቶ ያዘ። ፒኬት ሁለት ጊዜ ብቻ ተፋልሞ የፒዮሪያ ከተማን አውቶቡስ መንዳት ጀመረ።

እንግዲህ ኦርቫል ከፈረመ፣ የሐሰት ማኅተሙ በመስታወት ውስጥ ገብቶ ለትውልድ ይታያል። ከተናገረ ደግሞ፣ አርባ አንድ ዓመት ሳይነበብ ኪስ የገባው ቲኬት ሁሉ እንደገና ይነበባል። አንድ ሳምንት ሙሉ ኬንትን ሸሸው። ሽማግሌ ሰው ከታሪክ መምህር ሸሽቶ በጓሮ በር ሲወጣ ምን እንደሚመስል ራሱም ያውቀው ነበር።

ዓርብ ዕለት ትሮይ ራሱ መጣ። ዴቨንፖርት ከተማ ውስጥ የቤት ማሞቂያ ይሸጣል፤ ምስሉ በመንገድ ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጡጫውን ጨብጦ ብርድን ሲያስፈራራ ይታያል። ወፍሯል። በሩን በትከሻው ሞልቶ ቆመ።

«ኦርቫል ሽማግሌው! አልሞትክም?»

«አንተን ለማስደሰት ብዬ?»

«ኬንት ጨንቆታል። አይጥ በላው አልከው አሉ።» ሣቀ፤ ሣቁ ግን ቶሎ አለቀበት። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፤ ምን ሆነህ ነው? አንዲት ፊርማ ናት።»

«ያን ቀን ስንት ነበርክ?»

«ቲኬቱ ያለውን ነበርኩ።»

«ቤትህስ ስትመዘን?»

ትሮይ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን አሻሸ። «ዘጠና ሁለት። ዘጠና ሦስት። ጠዋት ፓንኬክ በልቼ ነበር። እናቴ ጋግራ አንድ ቁልል በላሁ። ... ምን ታየኛለህ? ሆን ብዬ ነው! ሰውዬውን ፈርቼው ነበር፤ ገባህ? ፒኬትን። ፊልሙን አይቼ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በክብደት ወደቀ ተብዬ ልቀር ነበር የመጣሁት። አንተ ደግሞ ብድግ ብለህ መቶ ሰማንያ አምስት ብለህ ጮህክ። ሰዉ አጨበጨበ፤ አባቴ አለቀሰ። እና ምን ልበል? ኧረ ቁርስ በልቻለሁ ልበል?»

ኦርቫል በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን ያላሰበው ነገር የለም ብሎ ያምን ነበር። ልጁን ያዳነው መስሎት ነበር፤ እያዳነው እንደ ሆነም አስቦ ራሱን ከግማሽ በላይ ይቅር ብሎ ነበር። ለካስ አሜሪካ ካፈራቻቸው ሁሉ አንደኛ የሚባለው ሰው፣ ፓንኬክ ጠቅጥቆ ሊሸሽ የመጣ፣ አንድ መዛኝ በውሸት የኋላ በሩን የዘጋበት ልጅ ኖሯል። የኬንት ነጥብ ለዚህ ስንት ይሰጥ ይሆን?

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለው።

«አንተስ?» አለ ትሮይ። «በል ፈርምና እንገላገል። ብትናገር እኔ ምን እሆናለሁ? ቢበዛ ሁለተኛ። ማሞቂያ ሁለተኛም ይሸጣል። አንተ ግን መዛኝ ነህ፤ ሌላ ምን ነህ?»

ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ነው የወጣው። ኦርቫል በቀረው ቀን ሁሉ በዚያ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ትሮይን ሃያ ሁለት ዓመት የናቀው ክብደቱን ስላላወረደ ነበር፤ አሁን ግን ልጁ ቢያንስ ስለ ራሱ ፍርሃት እውነቱን በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ሄዷል። እሱ ራሱ በየማክሰኞው «አሥራ አንደኛ» እያለ እውነት የተናገረ ይመስለው ነበር። ያ ንቀት እንጂ እውነት አልነበረም። ንቀት ለፈሪ ሰው ርካሽ ጀግንነት ነው፤ የሚናገረውን ነገር ሳይናገር የተናገረ ያስመስለዋል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ኬንት ማረጋገጫውን ተይቦ፣ ብዕሩን ከፍቶ፣ ቺሊ በሚበሉት ሰዎች መሀል ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ፎቶ ለማንሳት ስልኩን ለግሌንዳ ሰጣት። ኦርቫል ከደረት ኪሱ ቢጫ ካርቶን አውጥቶ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠ።

«አገኙት!» አለ ኬንት።

«ጠፍቶ አያውቅም። ቁጥሩ ውሸት ነው። መቶ ዘጠና ሦስት ነበር፤ ብረቱን የሳብኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።»

ማንኪያዎች ቆሙ። ኦርቫል መጪውን ነገር ለመቀበል ሁለቱን መዳፎቹን ባንኮኒው ላይ ጫነ።

መጀመሪያ የሣቀው ዊልበር ነበር። «ስምንት ፓውንድ!» አለ እምባው እስኪመጣ። «አንተ የሰይጣን ሽማግሌ! ሃያ ሁለት ዓመት ትሮይን ስታንጓጥጥ፣ ለካ አንተው ነህ የሠራኸው! ደግ አደረግክ! ለፒዮሪያ ሰው ልናዝን ኖሯል?»

«ለአገሩ ልጅ ነው እኮ» አለ ሌላው፤ ጀርባውንም መታው። ኦርቫል ይህን አልጠበቀም ነበር። እንደ ውሻ ቢያባርሩት ኖሮ ደስ ይለው ነበር።

«ኬንት» አለ፤ «ስፕራግን ከአንደኝነት አውርደው። ፒኬትን ጻፈው።»

ኬንት ካርቶኑን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ሚስተር ሃቨርካምፕ፣ ስሜትዎን አከብራለሁ። ግን ሰነዱ የሚለው መቶ ሰማንያ አምስት ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በቃል የመጣ ነገር ታሪክ አይሆንም። ፒኬት ደግሞ በእኔ ነጥብ መቶኛም አይገባ። ፊርማው ቢቀርም ቲኬቱ ራሱ ይበቃኛል።» ካርቶኑን በፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ ማኅደሩ ውስጥ ከተተው።

ዊልበር አሁንም እየሣቀ ነበር፤ ግን ሣቁ እየቀጠነ ሄደ። ማኘኩን አቆመ። አፉን በናፕኪን ጠረገ።

«ኦርቫል፣ እኔ የምልህ... ለሰው ያደረግከውን ለአሳማ አድርገኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ።»

እውነቱን ነበር። ከአፉ የወጣ፣ ሰው ያላመነው የመጀመሪያው የክብደት ቃልም ይኸው ሆነ።

«በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት፣ አሳማ ከመኖው በረከሰበት በዚያ ክረምት» አለ ዊልበር ቀስ ብሎ፣ «ያቺ ጆሮዋ የተቀደደ እናት አሳማዬ። አራት መቶ አሥራ ሁለት አልከኝ። ቤት ገብቼ ለሚስቴ፣ እኔስ ከዚያ የምትበልጥ መስላኝ ነበር አልኳት። ከዚያ፣ ኦርቫል ነው የመዘነው አልኩና ተውኩት።»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበረች።»

«እኔም እኮ የዛሬ ሦስት ዓመት» አለ ከወዲያኛው ጫፍ አንዱ። «እኔም!» አለ ሌላው። በአንድ አፍታ ባንኮኒው ሞቶ የተበላ አሳማ ሁሉ ተነሥቶ የሚቆጠርበት ፍርድ ቤት ሆነ። ማን በመልኩ፣ ማን በጅራቱ፣ ማን በሚስቱ ምስክርነት ተሟገተ። ስለ ትሮይ ማንም አላነሣም፤ ስለ ፒኬትማ ድሮም አልተነሣ። የታላቆች ታላቅ ማን እንደ ሆነ ለሃያ ዓመት ሲጮኹ የነበሩ ሰዎች፣ ሌላ ሰው የተበደለበት ስምንት ፓውንድ ሲያስቃቸው፣ የራሳቸው አሳማ አንድ ፓውንድ ግን ቀለማቸውን ለወጠው። ኦርቫል ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ሊንቃቸው ፈለገ፤ ተገቢ ምክንያትም ነበረው። ግን እነዚህ ሰዎች አሁን የሚያደርጉት ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ሊያደርጉት የሚገባውን ነበር።

ግድግዳው በሚያዝያ ተቀባ። ትሮይ ከላይ፣ ጡጫውን ጨብጦ፤ ትሬድዌይ ከሥሩ፤ ቲኬቱ በመስታወት ውስጥ፣ ከአምፖል በታች። ኬንት ንግግር አደረገ፤ ትሮይ ለትምህርት ቤቱ ማሞቂያ በቅናሽ ለመስጠት ቃል ገባ። ኦርቫል አልሄደም። ለፒኬት ግን በራሱ እጅ ጽፎ በፖስታ ላከለት፤ ሦስት መስመር፤ ስንት እንደ ነበረና ማን እንዳደረገው። መልስ አልመጣም። መልስ እንዲመጣ መጠበቅም አንድ ዓይነት ድፍረት መሆኑ ስለ ገባው፣ ፖስታ ሳጥኑን ማየቱን ተወ።

ከገበሬዎቹ ግማሽ ያህሉ አሳማቸውን ወደ ጎረቤት ከተማ መጫን ጀመሩ። ዊልበር ቀረ፤ ርቀቱ ስለማይመቸው ይሆናል። ማክሰኞ እንስሳውን መተላለፊያው ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ ከአጥሩ ማዶ መቆሙን ትቶ፣ ቦቲውን እንኳ ሳይጠርግ ወደ መዛኙ ክፍል ገባና ከኦርቫል ጀርባ ቆመ። ሰላም አላለም። የሲጋራ ሽታ ያለው ትንፋሹ የኦርቫልን አንገት ነካው።

ኦርቫል ብረቱን ገፋ። ዘንጉ ተንሳፈፈ። እጁን አነሣ።

«አንብበው» አለው።

ዊልበር መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ አጎነበሰ። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ዘንግ ሸጦ ገዝቷል፤ ተጠግቶ አይቶት ግን አያውቅም። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ አስኬደ።

«ሦስት መቶ... ሰባ... አንድ?»

«አይደለም።»

«ምን አይደለም? ይኸው ቁጥሩ! አሁንም ልታታልለኝ ነው?»

«ራስህን እያታለልክ ነው። ሰባ አንድ ብዬ ባትምልህ ስምንት ፓውንድ ለቄራው ሰጠህ ማለት ነው። ያ የላይኛው መስመር ነው፤ የታችኛውን ተመልከት።»

ዊልበር ተጠራጥሮ አየው፤ ከዚያ ዘንጉን አየ፤ ከዚያ እንደገና እሱን አየው። አሳማዋ በሣጥኑ ውስጥ ተንቀሳቅሳ ዘንጉ ተናወጠ። መተላለፊያው ውስጥ ሌሎቹ ተደራርበው ይጮሁ ጀመር፤ የጨረታው ሰው በድምፅ ማጉያው የዊልበርን ስም ጠራ።

«ኧረ ሰው እየጠበቀ ነው፤ አንተው ቁጥሩን በለው!» አለ ዊልበር።

ኦርቫል እጁን ከመያዣው አርቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እስክትረጋ ጠብቅና እንደገና አንብብ» አለው።